አልጋዬ ስር ያደረው አውራ ዶሮ

ሰው በቤቱ ዶሮ የሚያረባው ለምንድን ነው? ያውንዴ ውስጥ፣ አጥር ከአጥር በተጣበቀበት ሰፈር ስለምኖር ይህን የማይጠይቀኝ የለም። ለሁሉም እንደየመልካቸው እመልሳለሁ። ለጎረቤት ልጆች፣ ለእንቁላል ነው እላቸዋለሁ። ከላይ ፎቅ ለሚኖረውና ጠዋት ጠዋት አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ለሚነጫነጨው የባንክ ሠራተኛ፣ «አንተን ለመቀስቀስ ነው፤ ሥራ እንዳይረፍድብህ» እለዋለሁ። ለአከራዬ ጎመኑን አሳይቼ በኩሳቸው ነው እንዲህ የፋፋው እለዋለሁ። ቄሱ ሲመጡ ደግሞ ለእንግዳ ነው እላለሁ፤ እሳቸው በዚህ መልስ በጣም ይስማማሉ።

አንዱም ውሸት አይደለም። እናቴ ዶሮ የያዘችው ግን ከእነዚህ በአንዱም ምክንያት አልነበረም፤ እኔም የያዝኩት ከእሷ ተምሬ ነው። የባንኩ ሰውዬ ማዘጋጃ ቤት እከሳታለሁ ይላል። ይክሰስ። በዶሮ ጉዳይ ከእሱ የባሰ ሰው ፊት ቆሜ አውቃለሁ፤ ያኔ ቁመቴ ከጠረጴዛ ብዙም አይበልጥም ነበር።

የተወለድኩት ከምባልማዮ ወደ ደቡብ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች መንደር ነው። አባቴ ኤካኒ በብሎኬት የሠራው ባለቆርቆሮ ቤት ነበረን፤ ከጀርባው የካካዎ ማሳ። ስምንት ዓመት ሳይሞላኝ፣ ማሳ ሲመነጥር ዛፍ ወደቀበትና ሞተ። እናቴ ቢሎአ ፀጉሯን ተላጨች፣ ጥቁር ቀሚስ ለበሰች። በእኛ ዘንድ ባሏ የሞተባት ሴት ዓመት ሙሉ ሐዘን ትቀመጣለች፤ በዓመቱ የሟቹ ዘመዶች ተሰብስበው ይበላሉ፣ ነገሯም ይቆረጣል። ምኗ እንደሚቆረጥ የነገረኝ የለም። እኔ ጥቁሩ ቀሚስ መስሎኝ ቀኑ እስኪደርስ እቸኩል ነበር፤ ቀሚሱን ጠልቼው ነበርና።

የመጀመሪያዋ ዶሮ የመጣችው ከቀብሩ ብዙም ሳይቆይ ነው። ያመጣቻት የአባቴ ታላቅ እህት አክስቴ ንጎኖ ናት። ንጎኖ ረጅም፣ አጥንተ ሰፊ፣ የኮላ ፍሬ ስታኝክ መንጋጋዋ የሚጮህ ሴት ነበረች፤ ስትመጣ እደበቃለሁ። ያን ቀን ወደ ግቢያችን አልገባችም። መንገዱ ላይ ቆማ፣ እግሯ የታሰረ ቄብ ዶሮ በአጥሩ ላይ አሻግራ እናቴ እግር ስር ወረወረች።

«ያዢ!» አለች መንደሩ በሙሉ በሚሰማው ድምፅ። «እሷም እንዳንቺ ግትር ናት። ብትሞትብሽ ሌላ ብለሽ ደጄ እንዳትመጪ።»

እናቴ አላመሰገነችም። ጎንበስ ብላ ዶሮዋን አነሳችና ገመዱን ፈታች። ጎረቤቶቻችን ከየደጃፋቸው አንገታቸውን ነቀነቁ፤ የባሏ ዘመዶች ገና ከአሁኑ አዋረዷት ተባለ። እኔም አክስቴን ያን ቀን ጠመድኳት። ለብዙ ዓመት እንደጠመድኳት ቆየሁ። ሰው ፊት የተሰደበ ስጦታ ማንም ስጦታ ነው ብሎ እንደማይጠረጥረው የገባኝ ራሴ የባል ዘመድ ካየሁ በኋላ ነው።

ዶሮዋ እንቁላል ጣለች፣ ታቀፈች፣ ፈለፈለች። እናቴ ያለ ወትሮዋ የዶሮ ሴት ሆነች። ጠዋት ከቆጥ ሲወርዱ አንድ በአንድ እያየች፣ ኩሳቸውን በእንጨት እየነካካች፣ ቅማል እንዳይወራቸው ክንፋቸው ስር አመድ ታሻለች። ለፈንግል ይበጃል ተብሎ ውሃቸው ውስጥ ሚጥሚጣ ትጨምራለች። የእኔ ሥራ ምስጥ ማምጣት ነበር። ከካካዎው ማሳ ጀርባ ካለው ኩይሳ በመጥረቢያ ቆርሼ፣ በቅርጫት ተሸክሜ አመጣና ጫጩቶቹ መሀል እሰብረዋለሁ፤ ነጫጮቹን ምስጦች ሲሻሙ ግቢው ዝናብ እንደወረደበት ቆርቆሮ ይሆናል።

አንዱንም ግን አንበላም። ገና መጣ፣ በጎመንና በካሳቫ አሳለፍነው። ፋሲካ መጣ፣ በደረቀ ዓሣ።

«ማማ፣ ዶሮ እያለን ለምን ጎመን እንበላለን?»

«ጎመኑ ስላለ።»

«እንቁላሉንስ?»

«እንቁላሉ ዶሮ ይሆናል።»

«ዶሮውስ?»

«ዶሮው ቀን አለው» ትላለች፤ ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃል።

እኔ የደረስኩበት መደምደሚያ ከእኔ ይልቅ ዶሮዎቹን ትወዳለች የሚል ነው። ማታ ስትቆጥራቸው እሰማለሁ፤ እኔን ቆጥራኝ አታውቅም።

የዶሮ ጨጓራ ለማን እንደሆነ በእኛ ዘንድ ሕፃንም ያውቃል። ያ ጠቆር ያለው፣ ጥሬና ጠጠር የምትፈጭበት ጠንካራ ሥጋ ለቤቱ ባለቤት ነው። አባቴ በሕይወት እያለ እናቴ መጀመሪያ የምታወጣው እሱን ነበር፤ አባቴም መጨረሻ ላይ ነበር የሚበላው፣ ቀስ ብሎ፣ እያየነው። ሴት ልጅ ከበላችው አንገቷ ያብጣል፣ ባል አይቆምላትም ይባላል። አንድ ጊዜ ከአባቴ ሳህን ጨጓራው የነካውን መረቅ በጣቴ ልሼ፣ ሳምንት ሙሉ አንገቴን ስዳስስ ከርሜአለሁ።

አባቴ ከሞተ በኋላ ቤታችን የሚመላለስ አንድ ወንድ ነበር፤ ታናሽ ወንድሙ፣ ፓፓ ዛምቦ። እንዴት እንደምወደው! ሞተር ሳይክል ነበረው። ከፊቱ አስቀምጦኝ እስከ ንዮንግ ወንዝ ድልድይ ይወስደኛል፤ ስንመለስ ሰርዲን ያለበት ዳቦ ይገዛልኛል። የሚያፈሰውን ጣሪያ ጠግኖልናል። ጥገናውን ሲጨርስ ከክፍል ክፍል እየተዘዋወረ ግድግዳውን በመዳፉ መታ መታ ሲያደርግ አስታውሳለሁ፤ ቤቱ ደህና መሆኑን የሚያይልን መስሎኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው፣ ሰው የሚገዛውን በሬ እንዲህ ነው የሚመታው።

ፓፓ ዛምቦ ባዶ እጁን አይመጣም። አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጣው ደግሞ ዶሮ ነው። አንድ ቀን ከሞተሩ ኋላ ነጭ፣ ድልብ፣ ክንፏ የሚያበራ ዶሮ አውርዶ ለእናቴ ዘረጋላት።

«የወንድሜ ሚስት፣ ይቺን ከነዚያ ከሲታዎችሽ ጋር ቀላቅያት። ትንሽ ሥጋ ያለው ነገር ግቢሽ ውስጥ ይታይ።»

«እግዜር ይስጥልኝ ዛምቦ። ለሚስትህ ውሰድላት።»

«እሷ አላት።»

«እንግዲያው ትጨምርበት።»

«ዶሮ እኮ ነው ያመጣሁልሽ ቢሎአ። እባብ አላመጣሁም።»

«የሰው ዶሮ ከገባ በሽታ ይገባል። የእኔዎቹ ይሞቱብኛል።»

«ሰው?» ብሎ ሳቀ። ሲስቅ ያምር ነበር። «እኔና አንቺ ነገ አንድ ቤት ነን፤ ሰው የምትይው ማንን ነው?»

እናቴ ዶሮዋን ተቀብላ፣ ወደ ሞተሩ ሄዳ፣ መልሳ ኋላው ላይ አሰረቻት፤ ቋጠሮውን ሁለቴ ጎተተችው። እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። ፓፓ ዛምቦ ጉንጬን ቆንጥጦ፣ «አታልቅሺ አቦሞ። እናትሽ ሲደክማት ትቀበለኛለች» አለኝ። ዶሮዋን ማለቱ መስሎኝ በርትታ እንዳትቆይ ፀለይኩ። ሞተሩ ከሄደ በኋላ እናቴ ለራሷ፣ «ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት» አለች። የትኛዋን ዶሮ እንደጣሏት ለማየት ወደ ጓሮ ሄድኩ።

አክስቴ ንጎኖ በየጊዜው ብቅ ትላለች፤ ሁልጊዜም እንደተቆጣች። አንድ ቀን ከኩሽናው ጀርባ ኦቾሎኒ እየፈለፈልኩ ሳለ ሁለቱ በዝቅተኛ ድምፅ ሲነጋገሩ ሰማኋቸው።

«አውራ ዶሮ ስንት ደረሰልሽ?»

«ሦስት።»

«አንድ ይበቃል። ግን እንቁላሉም የግቢሽ፣ ጥሬውም የእጅሽ ይሁን። ከዛምቦ ጎተራ አንዲት ፍሬ በቆሎ እዚህ እንዳትገባ። እምላለሁ፣ አንዲት ፍሬ ብትገባ በሰው ፊት ቆሜ የምናገረው ነገር አይኖረኝም።»

«አልገባችም።»

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ልጅቷ ዳቦ ትቀበለዋለች አሉ።»

«ዳቦ ትብላ። ዳቦ ዶሮ አይደለም።»

ኦቾሎኒውን ጥዬ ተነሳሁ፤ ደሜ ፈልቶ ነበር። አክስቴ እናቴን በቆሎ ሰረቅሽ እያለቻት መሰለኝ። ያን ዕለት ስትሄድ ከአጥሩ ጀርባ ሆኜ ጠጠር ወረወርኩባት፤ ጀርባዋን መታኋት። ዞር ብላ አየችኝና ኮላዋን እያኘከች ሄደች።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በእኛ ዘንድ የሐዘን ማብቂያው ቀን ዶሮ ይበላል፤ የዶሮው ባለቤት ብልቱን ያከፋፍላል፤ ጨጓራውን የበላ ቤቱን ይወርሳል። ቤቱን ማለት ግድግዳውን፣ ካካዎውን፣ ሴቲቱን። ብዙ ጊዜ ባል የሞተባት ሴት ዓመቱን ሙሉ ማሳ ሳትወርድ ስለምትቀመጥ ዶሮ አይኖራትም፤ ዋርሳዋ፣ የባሏ ወንድም፣ ነው ዶሮ የሚያመጣላት፣ ራሱ ባመጣው ላይ ራሱ ጨጓራውን ይበላል፤ ሁሉም ነገር በሥርዓቱ ሆነ ይባላል። ሴቲቱን እሺ ብለሽ ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ዶሮውን በላች እኮ። እናቴ ሥርዓቱን አፈረሰች እያሉ እስከ ዛሬ የሚያሟት አሉ። አላፈረሰችም። ከእነሱ ይልቅ አጥብቃ ይዛዋለች፤ ያናደዳቸውም እሱ ነው።

ዓመቱ ሊሞላ ሲል ጥርኝ መጣብን። ጠዋት ስንነሳ የዶሮው ቤት በር ተከፍቶ፣ ውስጡ ባዶ ነበር። ትንሽ ላባ፣ ሌላ ምንም። አንድ ቀይ ወጣት አውራ ዶሮ ብቻ፣ ቆጥ ላይ አላድር ብሎ ሁልጊዜ አቮካዶው ዛፍ ላይ የሚወጣው፣ ቅርንጫፉ ላይ ሆኖ ይጮሃል። እናቴ ኩሽናው ደጃፍ ላይ ቁጭ አለች። ስታለቅስ ግን አላየኋትም።

ፓፓ ዛምቦ ፀሐይ ሳይበረታ ደረሰ። ሁለት ነጫጭ ዶሮዎች ይዟል።

«ሰማሁ» አለ። «ጥርኝ ክፉ አውሬ ነው። ምን ይደረጋል፣ ያለውን መቀበል ነው።»

እናቴ ተነሳችና ወደ ዶሮው ቤት በር ሄደች። በሩን የምናስርበት ሲባጎ ሚስማሩ ላይ ተጠቅልሎ ተሰቅሏል፤ በጥንቃቄ ተፈትቶ።

«ክር ፈትቶ ሚስማር ላይ የሚሰቅል ጥርኝ» አለች። «ደህና አድርገው አሳድገውታል።»

ፓፓ ዛምቦ አልሳቀም። እኔ ግን ለመንደሩ ልጆች ሁሉ ስለዚያ ብልህ ጥርኝ ስተርክ ከረምኩ፤ ጅራቱ ክንድ እንደሚያክል፣ ጣት እንዳለው፣ በሰው ቋንቋ እንደሚስቅ ሁሉ ጨመርኩበት። ትላልቆቹ ሲሰሙኝ ፈገግ እያሉ ሌላ ሌላ ያወሩ ነበር። ከእኔ በቀር ጥርኙን በስሙ የማያውቀው አልነበረም።

ያን ቀን እናቴ ቀዩን አውራ ዶሮ ከዛፍ አውርዳ፣ እግሩን በጨርቅ ገመድ አስራ አልጋዬ ስር አስገባችው።

«እዚህ ነው የሚያድረው።»

«አልጋዬ ስር? ይሸታል እኮ!»

«ይሸታል። ጥሬውንም አንቺ ነሽ የምትሰጪው። ውሃውንም አንቺ። እኔ አልነካውም።»

በመጀመሪያ ተናድጄ አኮረፍኩ። ከሁሉም በላይ የምትወደው እሱን ነው፣ ይኸው ለእሱ መኝታ ቤት ሰጠችው አልኩ። ግን ገና ጎህ ሳይቀድ ከአልጋዬ ስር የሚጮህ ዶሮ ምን እንደሚመስል ያላየ አያውቀውም። ሳንቃው ጀርባዬ ስር ይንቀጠቀጣል። በመጀመሪያው ቀን ከአልጋ ወደቅሁ፤ ወድቄ ፊት ለፊት ስንተያይ እሱም ከእኔ እኩል ደንግጧል። እየሳቅሁ ተነሳሁ። ስሙን ኮማንዳን፣ ማለትም አዛዥ፣ አልኩት። ከመዳፌ ይበላል፤ የቀሚሴን ቁልፍ በቆሎ እየመሰለው ይጠቀጥቃል። ቀን ቀን ገመዱን ይዤ እንደ ውሻ ወደ ኩይሳው እወስደዋለሁ፣ ምስጡን ራሱ ይለቅማል። አባቴ ከሞተ ጀምሮ ማንንም እንደዚያ አላወራሁም። ትምህርት ቤት ያስለቀሰኝን ልጅ፣ የእናቴን ንፍገት፣ ፓፓ ዛምቦ አባት ሆኖኝ ቢቀር ምን ያህል ደስ እንደሚለኝ፣ ሁሉንም ነገርኩት። አንገቱን ወደ ጎን አድርጎ ያዳምጣል።

የሐዘን ማብቂያው ቀን ጠዋት ስነሳ ገመዱ ባዶ ነበር።

ወደ ጓሮ ሮጥኩ። አክስቴ ንጎኖ እግሮቹን ይዛለች፤ እናቴ ቢላዋ ይዛለች። በእኛ መንደር ሴት ዶሮ አታርድም፤ ወንድ ከሌለ የጎረቤት ልጅ ይጠራል። እናቴ ማንንም አልጠራችም። ስጮህ እጇ አልቆመም። ሮጬ ሄጄ ክንዷን ነከስኩት፤ ጠባሳው እስከ መጨረሻዋ ነበረባት።

አልመታችኝም። በደም እጇ አገጬን ያዘችና ዓይኖቼን አየቻቸው።

«አልቅሺ» አለችኝ። «የፈለግሽውን ያህል አልቅሺ። ግን ስጠራሽ ትመጫለሽ።»

እኩለ ቀን ላይ ሳሎኑ ሞላ። ወንዶቹ ግድግዳውን ተደግፈው አግዳሚ ላይ፣ ሴቶቹ ምንጣፍ ላይ። የቤተ ዘመዱ ራስ የሆኑት ሽማግሌው ኤቩና መሀል ተቀመጡ፤ ዓይናቸው ሞራ ጋርዶታል፣ ጆሯቸው ግን ትንኝ ያስቆማል ይባል ነበር። ፓፓ ዛምቦ በአባቴ ደገፋ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ከአባቴ በኋላ ማንም ያልተቀመጠበት ወንበር ነው። በር ጥግ ቆሜ፣ በለቅሶ ባበጠ ዓይኔ ሳየው እንኳ ልቤ ትንሽ ሞቅ አለ። አባቴ የተመለሰ መሰለኝ።

ሚስቱ ድስት ተሸክማ ገባችና ከፊቱ አስቀመጠች። ነጭ ዶሮ ነው፣ በዘንባባ ዘይት ተሠርቶ።

አክስቴ ንጎኖ ከምንጣፉ ሳትነሳ፣ «አባታችን ኤቩና፣ እንደ ልማዳችን ልጠይቅ» አለች። «የዛሬው ዶሮ የማን ነው?»

«የእኔ ነው» አለ ፓፓ ዛምቦ። «ምን ጥያቄ አለው? እዚህ ቤት የተረፈ ዶሮ የለም። ጥርኝ ጨርሶታል፣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።»

«አንተን አልጠየቅኩም፣ ታናሼ። ቢሎአ፣ ዶሮ አለሽ?»

እናቴ ከኩሽና ወጣች። ጥቁሩን ቀሚስ ለብሳ፣ ድስቱን በሁለት እጇ ይዛ። መሬት አስቀምጣ ክዳኑን አነሳችው። የኮማንዳን ራስ ከነቀይ ኩክኒው ከላይ ነበር። ዓይኔን ጨፈንኩ።

«እናቱን ንጎኖ ታውቃታለች» አለች። «እዚህ ተጥሎ እዚህ ተፈለፈለ። ምስጡን የለቀመችለት ያቺ ልጅ ናት። ከማንም ጎተራ አልበላም። የበላ የሚል ካለ አሁን ይናገር።»

ማንም አልተናገረም።

«ይሄ ዶሮ ነው?» አለ ፓፓ ዛምቦ እየሳቀ። «አጥንት እኮ ነው!»

«ክሳቱን አልጠየቅንም» አሉ ሽማግሌው። «የማን ነው ነበር ጥያቄው። አከፋፍዪ፣ ልጄ።»

እናቴ ማከፋፈል ጀመረች። አንዱን ታፋ ለሽማግሌው፣ ደረቱን ለታላላቆቹ። ፓፓ ዛምቦ ሳህኑን ዘርግቶ ጠበቀ። ክንፍ አስቀመጠችለት።

«ክንፍ?» አለ።

«የምትበር ሰው ነህ። ሞተር አለህ።»

ከግድግዳው በኩል አንድ ሁለት ሰው ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። ፓፓ ዛምቦ ክንፉን አንስቶ፣ ነገሩን እንደ ቀልድ እንደያዘው ለማሳየት፣ ጎረስ አደረገው።

«ጨጓራውስ?»

«ጨጓራው ባለቤት አለው» አለች እናቴ። «አቦሞ! ነይ።»

ከበሩ ጥግ መጣሁ። መዳፌን ገልብጣ፣ ትኩሱን ጥቁር ሥጋ መሀሉ ላይ አስቀመጠችልኝ።

«ያንቺ ነው።»

ሌላ ምንም አላለችም። ማለትም አትችልም ነበር፤ አንዴ ለሰው የተሰጠ ብልት የተቀባዩ ነው፣ የሰጠው ሰው ቃል አይጨምርበትም። ይህን ያወቅሁት ኋላ ነው። ያኔ ያየሁት ዝም ማለቷን ብቻ ነው። አክስቴ ንጎኖ ማኘኳን አቁማ ምንጣፉን ታያለች።

«አቦሞ፣ የእኔ ልጅ» አለ ፓፓ ዛምቦ። ድምፁ ያ ድልድይ ድረስ የሚወስደኝ ድምፅ ነው። «ሴት ልጅ ይሄን አትበላም። አንገትሽ ያብጣል። አምጪ፣ ለአባትሽ ስጪ።»

መዳፉን ዘረጋልኝ።

እወደው ነበር። ይህን ልሸፋፍነው አልፈልግም። ወደ እሱ ሄድኩ፤ ልሰጠው ነው የሄድኩት። አጠገቡ ስደርስ ግን አፉን አየሁ። ክንፉን እያኘከ ነበር። አጥንቱ ጥርሱ መሀል ቀጭ አለ፣ መቅኑን መጠጠው፣ ከዚያ የተረፈውን ወለሉ ላይ ተፋው። የኮማንዳንን ክንፍ። ጠዋት ጠዋት አልጋዬን የሚመታበትን ክንፍ።

ስለ ቤትም ስለ ውርስም የማውቀው ነገር አልነበረም። ንዴት ብቻ ነው የነበረኝ፤ አናቴ ድረስ የወጣ። ይህ ዶሮ የእኔ ነው። ያበላሁት እኔ፣ ያጠጣሁት እኔ፣ ምስጢሬን የነገርኩት ለእሱ። ከዚህ በላይ ማንም አይነካውም። አንገቴ ይበጥ፣ ባልም ይቅር።

ጨጓራውን አፌ ውስጥ ከተትኩት።

የአውራ ዶሮ ጨጓራ ጎማ ነው። አኘክሁ፣ አኘክሁ፣ አልዋጥ አለኝ። እንባና ንፍጤ ከሥጋው ጋር ተቀላቀለ። የፓፓ ዛምቦ እጅ እንደተዘረጋ ነው። በመጨረሻ አንገቴን ቀጥ አድርጌ ዋጥኩትና፣ እንዳይጠራጠረኝ አፌን ከፍቼ አሳየሁት።

«ምን ሆነ?» አሉ ሽማግሌው ኤቩና፤ አላዩም ነበርና።

«በላችው» አለች አክስቴ ንጎኖ። ድምፅዋ ሲሰበር ያን ጊዜ ብቻ ነው የሰማሁት።

«እንግዲህ ተበላ። የቤቱ ባለቤት ታውቋል።»

«ሴት ልጅ እኮ ናት!» ፓፓ ዛምቦ ከወንበሩ ብድግ አለ። «የስምንት ዓመት ሴት ልጅ!»

«ጥርስ አላት» አሉ ሽማግሌው። «ሰምተናል።»

ሲወጣ ሚስቱ ነጩን ዶሮ ከነድስቱ አንስታ ተከተለችው። ሞተሩ ሲነሳ ሰማን። እናቴ ከወገቤ ብድግ አድርጋ በአባቴ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ፤ እግሬ መሬት አይደርስም ነበር። እኔ ግን የተቀጣሁ ነው የመሰለኝ። ጓደኛዬን አርዳ፣ የተከለከለውን ብልቱን አስበልታ፣ ዳቦ የሚገዛልኝን ብቸኛ ሰው ከቤት ያባረረች ሴት ሆና ታየችኝ። ለብዙ ጊዜ አላነጋገርኳትም። አንገቴን ስዳስስ ከረምኩ።

አላበጠም። ፓፓ ዛምቦ በዚያ አልቆመም፤ መከር በደረሰ ቁጥር ሰው ይዞ እየመጣ ከካካዎው ይለቅማል፣ እናቴም ገጀራ ይዛ ማሳው መሀል ትቆማለች፤ አንዳንዱን ዓመት እሱ አሸነፈ፣ አንዳንዱን እሷ። ቤቱን ግን ዳግም አልረገጠውም። ትምህርት ቤት «ጨጓራ በሊታ» የሚል ስም ወጣልኝ። እስከማገባ ድረስ ተከተለኝ። ባሌን ገና ሳንጋባ አስቀምጬ ነገርኩት፣ እኔ ቤት ጨጓራው የእኔ ነው አልኩት። ትንሽ አሰብ አደረገና ክንፍ እወዳለሁ አለኝ። ለዚህ ነው ያገባሁት።

እናቴ ከማረፏ በፊት በነበረው ዓመት፣ እዚያው ጓሮ ቁጭ ብለን አብረን ዶሮ ስንነጭ ለዓመታት ሆዴ ውስጥ የኖረውን ጥያቄ ጠየቅኳት።

«ማማ፣ ያን ቀን ብሰጠው ኖሮስ?»

«አትሰጪውም ነበር።»

«በምን አወቅሽ? ልሰጠው እኮ ሄጄ ነበር። እወደው ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች ላባውን እየነጨች። «በጣም ትወጂው ነበር። እሱን ሳስብ እንቅልፍ አልነበረኝም። ዶሮ ላረባ እችላለሁ፣ አንቺን ጥዪው ልልሽ ግን አልችልም፤ ዳቦ ይገዛልሽ ነበር። ስለዚህ ከእሱ አብልጠሽ የምትወጂው ነገር ፈለግሁልሽ።»

እጄ ቆመ። ዶሮው ጭኔ ላይ እርጥብ ሆኖ ተኝቷል።

«ቤቱ ውስጥ የእኔም አልጋ ነበር» አለች። «ለምን ያንቺ ስር ያሳደርኩት ይመስልሻል?»

በመጀመሪያ ተናደድኩ፤ ለዚያች ልጅ፣ ለኮማንዳን፣ ለዚያ ሁሉ ምስጢር። ከዚያ ክንዷ ላይ ያለውን ጠባሳዬን አየሁት። ልጇ እንድትጠላት ፈቅዳ ነው ቤቱን ያተረፈችልኝ። ላባ በላባ በሆነው እጄ አቀፍኳት፣ እሷም፣ «በቃ፣ በቃ፣ ውሃው ይቀዘቅዛል» አለችኝ።

ወጡ ሲደርስ ጨጓራውን መጀመሪያ አውጥታ ከመዳፌ ላይ አስቀመጠችው። «እንቺ» አለችኝ፣ «ሳይቀዘቅዝ ብዪው።»